ያልቆረጥኩት ድምፅ

ሰውዬው አላወቀኝም። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ዶክተር ዒስመት አል-ሺርቢኒ የኮሌጃችንን የድምፅ ክፍል በር ከፍቶ «ሰላም ዐለይኩም» ሲል፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ አወቅኩት። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አላይም፤ ድምፅ ግን አይጠፋኝም። ያን ድምፅ ደግሞ እየጠላሁት ነው የኖርኩት። ሌላው ሰው ሶላቱን እንደሚያደርስ እኔ በየዕለቱ አስታውሼ እረግመዋለሁ። አርጅቷል። ያ አዳራሽ የሚያናውጥ ጉሮሮ ሻክሯል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። ግን ራሱ ነው።

«ወዐለይኩም ሰላም ዶክተር፣ ይግቡ» አልኩት።

«ሚስ ነግላ ማለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምሽ ተነስቶ አያልቅም እኮ! ልጆቹ ሁሉ ነግላ፣ ነግላ ነው የሚሉት።»

ወደ እኔ ሲመጣ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር በጉልበቱ መታውና በለሆሳስ ሰደበው። ወንበሩ ከዚያ ቦታ ተነስቶ አያውቅም። የሚያይ ሰው አይመታውም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ልጆቹ ነግላ፣ ነግላ የሚሉበት ምክንያት አለ። ሥራዬ የአስተማሪዎችን ትምህርት መቅዳት፣ ማጽዳትና ማደል ነው። ክፍሉ መጀመሪያ ለእኛ ለማናየው ተብሎ የተከፈተ ነበር፤ አሁን ዐይን ያለውም ይሰለፍበታል። ቀን ዳቦ ቤት የሚሠራው፣ ከገጠር በሚክሮባስ የምትመላለሰው፣ ልጅ እያጠባች የምታጠናው፣ አዳራሹ ሲተራመስ ከኋላ ተቀምጦ አንድ ቃል ያልሰማው፣ ሁሉም ከእኛ የማዳመጫ ማሽን ተውሶ ትምህርቱን በጆሮው ይዞ ይሄዳል። ያልገባውን መልሶ ይሰማል። አስተማሪ ፊት «ይድገሙልኝ» ለማለት የሚያፍር ልጅ ማሽኑን አሥሬ ቢያስደግመው ማንም አይገላምጠውም። የማያዩት ማሽኑን በጣታቸው እንዲለዩት ደግሞ ቁልፎቹ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግላቸዋለሁ፤ ሲደርቅ ይጎረብጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራዬ መቁረጥ ነው። ሳሉን፣ የወንበሩን ጩኸት፣ አስተማሪው መሀል ላይ ስለ መኪናው ብልሽት የሚያወራውን ሁሉ ቆርጬ ንጹሑን ትምህርት አስቀራለሁ። ስጨርስ እንደ ደንባችን መግቢያ አስገባለሁ፤ የትምህርቱ ስም፣ የመምህሩ ስም፣ ከዚያ «ያዘጋጀችው ነግላ ሐምዛ አል-ባጉሪ»። ባልደረባዬ ዊዳድ «ስምሽን ስትጠሪ ሠርግ የምታውጂ ነው የሚመስለው» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ከዚህ ኮሌጅ ያተረፍኩት ስሜን ብቻ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እዚሁ ኮሌጅ የታሪክ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥቻለሁ። እኛ ጋ አራተኛውን ዓመት አንደኛ ሆኖ የጨረሰ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀጠራል፤ ሥርዓቱ ነው፣ የሚለመን ሰው የለም። የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነበር። አባቴ ገና ሳልመረቅ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «የእኔ ዶክቶራ» ማለት ጀምሮ ነበር። ፉል ልትገዛ የወጣችው ጎረቤት ሳትቀር «ዶክቶራ እንዴት አደርሽ» ትለኛለች።

በብሬል የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም፤ የሚያነብልኝ ሰውም ሁልጊዜ አላገኝም። የነበረኝ አንድ የድምፅ መቅጃ ነው። አባቴ ገዛልኝ፣ እናቴ ደግሞ ማስጀመሪያው ቁልፍ ላይ ከራሷ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገችበት። ይሄን ዘዴ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

የመምሉክ ሱልጣኖችን ዘመን ታሪክ የሚያስተምረን ዶክተር ዒስመት ነበር። ያስተምራል ለማለት ይከብዳል፤ የጻፈውን መጽሐፍ ከፍቶ ያነባል። አልፎ አልፎ ጠርዝ ላይ የጫረውን አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ፈተናው የሚመጣው ታዲያ ከመጽሐፉ ሳይሆን ጣል ካደረገው ነው። ስለዚህ የሚቀዳ ሰው ይጠላል። «ዕውቀቴን የፈለገ መጽሐፌን ይግዛ፣ እዚህም መጥቶ ይቀመጥ!» ይላል። እኔ መጽሐፉን ገዝቻለሁ። ምን ላድርገው? ትራስ?

ሴሚስተሩን ሙሉ መቅጃውን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ቀዳሁ። በመጨረሻው ትምህርት ዕለት ቦርሳው ድምፁን እንዳያፍንብኝ ብዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሲቀዳ ቀይ መብራት እንደሚበራበት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«ምንድነው ያ ቀይ መብራት?» አለ ዶክተር ዒስመት ማንበቡን አቁሞ። «አንቺ! ጥቁር መነጽር ያደረግሽው! ተነሺ!»

ተነሳሁ።

«ዕውር ሰው ደግሞ ታሪክ ምን ያደርግለታል? ሂጂ መቃብር ቦታ ቁጭ በዪና ቁርኣን ቅሪ፣ ሰው ይመጸውትሻል!»

አዳራሹ ሳቀ። እስከዛሬ ከስድቡ ይልቅ ሳቁ ነው የሚሰማኝ። እሱ ወርዶ መጣና መቅጃውን ከጠረጴዛው ላይ መነጨቀው።

«ዶክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ፈተናው ደርሷል፣ ሌላ የለኝም» አልኩት።

«ይሄ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለና ሄደ።

ቢሮው ስመላለስ ሰነበትኩ። ጸሐፊዋ «የለም» ትለኛለች፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ሲያስል እሰማዋለሁ። ፈተናውን በጭላጭ ትዝታ ሠራሁት። አለፍኩ፣ ማለፍ ብቻ። አንደኛነቱ ሄደ፣ ረዳት መምህርነቱም አብሮ ሄደ፤ ቦታው ትምህርት ላይ ፊቱን አሳይቶ ለማያውቅ ልጅ ተሰጠ። አባቴ «የእኔ ዶክቶራ» ማለቱን ተወ። አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝም፣ ዝም ብሎ ተወው። የገደለኝ ያ መተዉ ነው።

አሁን ያ ሰውዬ ፊቴ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል።

«በሩ ተዘግቷል?» አለኝ።

«ተዘግቷል።»

«ምስጢር ትይዣለሽ ልጄ?»

«ይንገሩኝ ዶክተር።»

«ዐይኔ ሄደብኝ። ስኳሩ ነው። ጥላ ጥላውን ነው የማየው፣ ፊደልማ ጨርሶ የለም። ሌላ ሰው ጋ ብሄድ ያፌዝብኛል፤ አንቺ ግን የዐይን ነገር ይገባሻል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ይገባኛል» አልኩት።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኮንትራቴን በየዓመቱ ነው የሚያድሱልኝ። የኮሌጁ ዲን ይቺን ከሰማ አለቀልኝ፣ ቤትህ ተቀመጥ ነው። ቤት ማን አለኝ? ሚስቴ ሞታለች፣ ልጄ አሌክሳንድርያ ናት። አዳራሽ ካልገባሁ እሞታለሁ ወላሂ።»

«ታዲያ በቃልዎ ያስተምሯቸዋ! የራስዎ መጽሐፍ አይደል እንዴ?»

 ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል። ከዚያ በቀስታ፣ «በቃሌ አላውቀውም» አለ።

ሳቄን ዋጥኩት። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረውን አያውቀውም! እኔ መቅጃዬ ባይወሰድብኝ ኖሮ የአንድ ሴሚስተሩን በቃሌ እወጣው ነበር።

«እና ምን ላድርግልዎት?»

ኪሱን በረበረና አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «እዚህ ውስጥ የድሮ ትምህርቶቼ አሉ። እንዴት እንደሚነካ አላውቅበትም። አንቺ አውጪልኝና ስልኬ ላይ ጫኝልኝ። ጆሮዬ ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ እሰካለሁ፤ የሰማሁትን እደግማለሁ። ማን ያውቃል?»

ጣቴ ማስጀመሪያውን ቁልፍ ነካ። የእናቴ የጥፍር ቀለም አሁንም ይጎረብጣል።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ከእጇ የቀረኝ ነገር የለም ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ይሄ ሰው እጅ ኖሯል።  ቁልፏን በጣቴ ደጋግሜ ዳበስኳት።

«የማን ነው መቅጃው?» አልኩ እንደምንም።

«አንዲት ተማሪ ረስታው ሄደች።»

«ረስታው?»

«አዎ፣ ረስታው። ስንት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ አሁን ለቁም ነገር ዋለ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ማን ነበረች?»

«እንጃ ልጄ፣ ስንቱን ላስታውስ?»

ያን ጊዜ «ቀማኋት» ቢል ኖሮ፣ «በደልኳት» ይቅርና «ቀማኋት» ብቻ ቢል ኖሮ፣ ምናልባት ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። አላለም። እኔን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አዋርዶ፣ ሕይወቴን ከእጄ መንጭቆ ወስዶ፣ ረስታው ሄደች አለኝ።

«ችግር የለም ዶክተር» አልኩት። «ሁሉንም አወጣልዎታለሁ።»

ዊዳድ በተማሪነታችንም አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። አዳራሹ ሲስቅ ያልሳቀች፣ እጄን ይዛ አብራኝ የቆመች እሷ ናት። መቅጃውን ስሰጣት ገና ሳልነግራት «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። ባትሪ ቀይራ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘችው። ሁሉም አለ። የሴሚስተሩ ትምህርት በሙሉ፣ ላጠናው የነበረው፣ አንድ ሳይጎድል።

ከዚያ የመጨረሻውን ከፈትን። ሲነጥቀኝ መቅጃውን አላጠፋውም ነበር፤ እየቀዳ ነው የወሰደው። ሁሉም ነገር አለበት። ቀይ መብራቱ፣ መቃብሩ፣ ሳቁ፣ የእኔ ልመና። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የጫማው ኮቴ፣ ቀጥሎ መሳቢያው ሲዘጋ፣ ከዚያ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ባዶ ዝምታ። ያኔ የነበረኝን ድምፅ ሰማሁት። ቀጭን ነው፤ የልጅ ድምፅ ነው። እንደዚህ ለምኜው ኖሯል!

ዊዳድ አለቀሰች። «ለዲኑ ወስደን እናሰማው» አለች።

«ዲኑ ምን ያደርገዋል? ‹ሽማግሌ ነው፣ ይቅር በይው› ብሎ ሻይ ያጠጣኛል።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሥራዬን። ትምህርቱን እየሠራሁ እሰጠዋለሁ።»

«ነግላ፣ አውቅሻለሁ። ተይው። ለአላህ ስጪው።»

«ሰጥቼው ነበር። አላህ ደግሞ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። እምቢ ልበለው?»

«አንቺ ሴትዮ! ሽማግሌ እኮ ነው፣ ዐይኑም ጠፍቷል።»

«እኔስ ያኔ ዐይን ነበረኝ?»

  ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር አሳምሬ ነው የሠራሁለት። ሳሉን ቆረጥኩ፣ የገጽ መግለጡን ድምፅ ቆረጥኩ፤ ከየዓረፍተ ነገሩ ኋላ እሱ የሚደግምበት ፋታ አስገባሁለት። ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሽ ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ አሁን በዲኑ ትእዛዝ ትምህርት ሁሉ ስለሚቀዳ የሚከለክለኝ የለም። እሱም ቢሆን አይችልም።

ተዋጣለት! ወረቀት ሳይዝ፣ ቀና ብሎ፣ ረጋ እያለ ያወርደዋል። ተማሪው ጉድ አለ።

«ሽማግሌው ወጣት ሆነ እኮ!» ይላል ከፊቴ አንዱ።

«ሙሉውን በቃሉ! ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው» ትላለች ጓደኛው። «አንተ የራስህን ስልክ ቁጥር በቃልህ ታውቀዋለህ?»

ይሄን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጭንቅላቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አንድ ሣጥን ባስቡሳ ጣፋጭ ይዞልን መጣ።

«ነግላ ልጄ፣ ዕድሜዬን መለስሽልኝ» አለኝ። «በማስተማር ዘመኔ እንዳንቺ ያለች ተማሪ ኖራኝ አታውቅም።»

«ኖራዎት ይሆናል፣ ረስተዋት ነው» አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። ባስቡሳውን ዊዳድ በላችው፤ ለእኔ አልወርድ አለኝ። ያን ዕለት ምንም ባይነግረኝ ኖሮ እንዲህ አልከፋም ነበር። ምስጋናው ከስድቡ ባሰብኝ፤ ሰው አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንዴት ሳያውቀው ይቀራል?

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ትምህርት ቤቱ ሆኖ አስቀድሞ ይሰማው ነበር። እየቆየ ያንን ተወው። «አንቺ የሠራሽውን ምን ብዬ እፈትሸዋለሁ?» አለኝ። ድሮም እንዲሁ ነበር፤ መጽሐፉን የሚከፍተው አዳራሽ ከገባ በኋላ ነው። ሳይዘጋጅ መግባት ልማዱ ነው፣ ማንንም ከልማዱ አላወጣሁትም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወሬው ዲኑ ጋ ደረሰ። ዶክተር ዒስመት ክፍላችን ድረስ መጥቶ በደስታ እየተንተባተበ፣ «ዲኑ የመጨረሻውን ትምህርቴን ሊሰማ ይመጣል! ኮንትራቱንም በዚያው ሳምንት ይፈርምልኛል» አለኝ። «የመጨረሻው ትምህርት ጥሩ ነው አይደል?»

«ጥሩ ነው» አልኩት። «የሚረሳ አይደለም።»

ስሠራው ዊዳድ ከኋላዬ ቆማ ነበር። የሱልጣኑን ሞት አጸዳሁ፣ የአሚሮቹን ጥል አጸዳሁ፣ ፋታውን አስተካከልኩ። ቀይ መብራቱ ጋ ደረስኩ። እዚህ ላይ መቁረጥ ነበረብኝ፤ ቁልፉ ጣቴ ሥር ነው። ዊዳድ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አልቆረጥኩም። አለፍኩት። እንዲያውም እንደሌላው ሁሉ ከየዓረፍተ ነገሩ ኋላ ፋታ አስገባሁለት፤ እንዲመቸው ብዬ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ቃሉም የራሱ ነው፣ ድምፁም የራሱ ነው።

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዲኑ ከፊት ተቀመጠ፤ ሽቶው እኔ ድረስ ይሸታል። ከኋላ መቀመጤን ትቼ ያኔ የነበርኩበት ረድፍ ላይ ገባሁ፣ ዊዳድም አብራኝ። ጥቁር መነጽሬን አድርጌያለሁ።

«ሱልጣኑ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበር» አለ ዶክተር ዒስመት። ፋታ። «አሚሮቹ ሕፃኑን ዙፋን ላይ አስቀምጠው ከኋላው ሆነው ራሳቸው ገዙ።» ፋታ። ዲኑ «ማሻአላህ» ሲል ሰማሁት። እኔ ከእሱ ቀድሜ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሬ እላለሁ።

ዊዳድ ክንዴን ጨብጣ፣ «ነግላ፣ ሂጂና አስቁሚው፣ አሁንም ትደርሻለሽ» አለችኝ።

«እሱ ቢሮ ስንት ጊዜ ሄጄ ነበር?» አልኳት። እጇን ለቀቀች።

«አሚሮቹ ግን እርስ በርስ አልተማመኑም» አለ ዶክተር ዒስመት። ፋታ። «ምንድነው ያ ቀይ መብራት?»

ሰው ዞር ዞር አለ። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱም ትንሽ የተደናገረ መሰለኝ፤ አፉ ግን ለምዷል፣ ጆሮው የሰጠውን ይላል።

«አንቺ! ጥቁር መነጽር ያደረግሽው! ተነሺ!»

ተነሳሁ። ወንበሬ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር የልብሱ መንሿሿት ተሰማኝ።

«ዕውር ሰው ደግሞ ታሪክ ምን ያደርግለታል? ሂጂ መቃብር ቦታ ቁጭ…»

እዚህ ላይ ቆመ።

የዛሬው አዳራሽ አልሳቀም። በጆሮው ውስጥ ያለው አዳራሽ ግን እየሳቀ ነው። ሳቁ የት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ፤ እስኪያልቅ ጠበቅኩት። ከዚያ ከዚያች ባለ ቀጭን ድምፅ ልጅ ጋር እኩል፣ በእሷው ቃል፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ፈተናው ደርሷል፣ ሌላ የለኝም።»

በጆሮውም እኔ፣ በአዳራሹም እኔ። ትንፋሹ ማይክራፎኑ ላይ ቀጥ አለ።

«አንቺ ነሽ?» አለ። ማይክራፎኑ ስለሚሰማ ሁሉም ሰማው።

«እኔ ነኝ ዶክተር። መቅጃውን ረስቼው አልሄድኩም።»

«ምንድነው ነገሩ? ዶክተር ዒስመት፣ ምን ሆነዋል?» አለ ዲኑ ከመቀመጫው ተነስቶ።

ዶክተር ዒስመት ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ አወጣው፤ ከእጁ አምልጦ ማይክራፎኑ ሥር ወደቀ። ከዚያች ከትንሿ ማዳመጫ የድሮው ድምፁ ቀጥኖ ወጣና አዳራሹ በሙሉ ሰማው። «ይሄ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለ።

ከመድረኩ ሊወርድ ተነሳ። ጫማው ወለሉን ፈተሸ፣ ቆመ፣ እንደገና ፈተሸ። ያን ኮቴ እኔ አውቀዋለሁ፤ ደረጃው የት እንደሚጀምር የማያውቅ ሰው ኮቴ ነው። የሚያዩት ሁሉ ቁጭ ብለው ያዩታል፣ አንዱም አልገባውም። ሌላ አንድ እርምጃ ቢሄድ ይወድቃል።

«ያዙት!» አልኩ በሙሉ ድምፄ። «እጁን ያዙት! ደረጃውን አያየውም፣ ዐይኑ ጠፍቷል!»

ሰው ሮጠ። ያዙት። ዲኑ «ዐይኑ? ከመቼ ጀምሮ?» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚያገኘኝ ሁሉ «አሳዘነሽ እንዴ?» ይለኛል። እንዲወድቅ አልፈለግኩም፤ እውነት ነው። ዲኑ እንዲሰማም ፈልጌያለሁ፤ እሱም እውነት ነው። ሁለቱም በአንድ አፍ ነው የወጡት፣ እኔም ልለያቸው አልሞከርኩም።

ዲኑ ቢሮው አስጠርቶኝ «ለምን አልቆረጥሽውም?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ማፍጠጡን የነገረችኝ አብራኝ የገባችው ዊዳድ ናት።

«መመሪያው ሳልና ጫጫታ ቁረጪ ነው የሚለኝ፣ ዶክተር። የመምህሩን ቃል ቁረጪ አይልም።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ዊዳድ እንድታነብልኝ ብጠይቃት «ምን ያደርግልሻል፣ ወረቀቱ ግን ጥሩ ነው» ብላ የባቄላ ጥብስ ጣዕሚያዋን ጠቀለለችበት። የዶክተር ዒስመት ኮንትራት አልታደሰም። ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ጆሮው ደክሟል፣ አንዳንዱን ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቅጃሽን መለሰልሽ?»

«መለሰልኝ አባባ።»

«አምጪው» አለ። የእናቴን የጥፍር ቀለም በአውራ ጣቱ እያሻሸ ብዙ ቆየ።

ክረምቱ ሲገባ ከአሌክሳንድርያ አንዲት ሴት ደወለች። የዶክተር ዒስመት ልጅ ናት። አባቷ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ እንደሚያዳምጥ፣ ምግብም እንደማይበላ ነገረችኝ። በደንባችን የማያይ ሰው ሁሉ፣ ተማሪ ባይሆንም፣ ከእኛ ክፍል በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ መዋስ ይችላል። ዊዳድ ስልኩን ዘግቼ ምን እንደምል ትጠብቃለች።

«መዝግቢው» አልኳት።

ጥሩ ማሽን መረጥኩለት። የታሪክ መጻሕፍት ሞላሁበት፤ አንድ ሳል የለበትም፣ አንድ የወንበር ጩኸት የለበትም፣ ከእጄ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። በየምዕራፉ መጀመሪያ ላይ እንደ ደንባችን መግቢያ አለ። የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ከእነ አባት ከእነ አያት፣ «ያዘጋጀችው ነግላ ሐምዛ አል-ባጉሪ»።

ከሳምንት በኋላ ልጅቱ እንደገና ደወለች። «አላህ ይስጥሽ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ነው የሚውለው፣ መብላትም ጀምሯል» አለች። ትንሽ አመነታችና፣ «አባባ ግን ያቺን መግቢያ መዝለል ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ ይላል» አለችኝ።

«አይቻልም» አልኳት። «ማሽኑ እንዲህ ነው የተሠራው።»

ይቻላል። ለሌሎቹ ሁሉ መዝለያው ቁልፍ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ለእሱ ማስጀመሪያው ላይ ብቻ ነው ያደረግኩለት።